ባለቤት ያጣ ግስ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ የዛሬው ተረቴ ላምም በረትም የለው። ያለው አንድ የደብተር ፋብሪካ ነው። እኔ እዚያ ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት ደብተር ሰፍቻለሁ። የጨመርኩት ነገር ቢኖር ጨው ብቻ ነው፤ ወጡ እውነተኛ ነው።

«ብረት ይናገራል ወይ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ አሁኑኑ ጠይቆ ይገላገል። አዎ፣ ይናገራል። በተረት ሁሉም ይናገራል። በፋብሪካችንም ብረቱ ይናገር ነበር፤ ሰሚ አጣ እንጂ።

እንግዲህ በዚያ ፋብሪካ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ሥራዋ ደብተር መቁረጥ ነው። የተሰፋው ደብተር ጠርዙ ወጣ ገባ ብሎ ይመጣል፤ እሷ ደርድራ ታስተካክልና ከማሽኑ ሥር ታስገባለች። ፔዳሉን በእግሯ ስትረግጥ ትልቁ ቢላ ከላይ ይወርድና ጠርዙን ቀጥ አድርጎ ይቆርጠዋል። ጊዜው ነሐሴ ነበር። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፣ የአገር ልጅ ሁሉ ደብተር ይፈልጋል፣ ፋብሪካው ይጣደፋል። አንድ ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ትርንጎ የተንጋደደ ደብተር ልታቃና እጇን ስትሰድ እግሯ ረገጠ፤ ቢላው ወረደ። የቀኝ እጇ ሌባ ጣት ሄደ። ከዚህ በላይ አልነግራችሁም። በነጠላዬ ያሰርኩላት እኔ ነኝ።

በስምንተኛው ቀን እጇን ጠቅልላ ወደ ፋብሪካው ብትመጣ፣ «አይዞሽ! ቦታሽን ለባዕድ አልሰጠንም፤ ለታናሽ እህትሽ ለስንዱ ሰጥተናታል፤ ሰኞ ትጀምራለች» አሏት። ደግነት ነው እኮ! የተጎዳ ሰው ቦታ ለወገኑ ይሰጣል፤ የፋብሪካችን ወግ ነው። ያው ወንበር፣ ያው ማሽን፣ ያው ቢላ። ትርንጎ ክው አለች። ወደ ቤቷ ሮጠችና እህቷን፣ «ስንዱዬ፣ አትግቢ፤ ያ ማሽን ሰው ይቆርጣል» አለቻት።

ስንዱ ምን ብትል ጥሩ ነው? «እታለም፣ አትቀየሚኝና አንቺ ስላልተጠነቀቅሽ ነው። የአደጋ መዝገቡን አሳይተውኛል፤ ‹ትርንጎ ጣቷን ቆረጠች› ነው የሚለው። እኔ እጠነቀቃለሁ።»

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ የእህት ምሳር ግን የተለየ ነው። ትርንጎ ጣቷ የሄደ ቀን ያላለቀሰችውን ያን ማታ አለቀሰችው። በነጋታው፣ ዓርብ ጠዋት፣ ፊቷን ታጠበችና ወደ መዝገብ ቤት ሄደች።

የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ አቶ ልሳነወርቅ ይባላሉ። ጡረታ የወጡ የአማርኛ አስተማሪ ናቸው፤ ነጠላ ሰረዝ የጎደለበት ማመልከቻ አይቀበሉም።

«ጋሼ፣ አንዲት ትንሽ ነገር ልለምንዎ ነው የመጣሁት።»

«ትንሽ ከሆነች በይ እንስማት።»

«መዝገቡ ‹ቆረጠች› ይላል። ‹ቆረጣት› ይበልልኝ። ‹ጠ›ን አንዲት እግሯን ማስረዘም ነው፤ ከ‹ች› ላይ ኮፍያዋን ማውለቅ ነው። አንዲት እግርና አንዲት ኮፍያ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም። ስንዱ ሰኞ ሳትገባ ታንብበው።»

አቶ ልሳነወርቅ መነጽራቸውን አወለቁ። «ፔዳሉን የረገጠው የማን እግር ነው?»

«የእኔ።»

«እንግዲያው ‹ቆረጠች› ነዋ! የግሱ ባለቤት አንቺ ነሽ። በሰዋስው ‹ባለቤት› ማለት አድራጊው ነው። ‹ቆረጣት› ካልኩ፣ ማን ቆረጣት? ባለቤት የሌለው ግስ ባለቤት እንደሌለው ውሻ ነው፤ ያገኘውን ይነክሳል። ባለቤቱን አምጪልኝና አሁኑኑ አቃናለሁ።»

ክፉ ሰው አይደሉም። ሰዋስው አይፈርስም ነው ያሉት። ትርንጎም ለግሱ ባለቤት ፍለጋ ወጣች።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ ቢላው ነው። ሌላ ወዴት ትሂድ?

«ቢላ ሆይ» አለችው፤ «አንተ ስለወረድክ ጣቴ ሄደ፤ ጣቴ ስለሄደ መዝገብ ተከፈተ፤ መዝገቡ ‹ቆረጠች› አለ፤ ጸሐፊው ‹ባለቤት አምጪ› አሉ። ባለቤቱ አንተ ነህ፤ ና እንሂድ።»

ቢላው ብልጭ አለ። «እኔ? እኔ ቢላ ነኝ። ሲረግጡልኝ እወርዳለሁ፣ ሲለቁኝ እወጣለሁ። ወረቀትና ጣት ለይቼ አላውቅም። የሚለየው መከለያው ነበር፤ ከፊቴ ቆሞ ወረቀት ያስገባል፣ እጅ ይከለክላል። መከለያው ስላልቆመ ነው። እሱን ጠይቂ።»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዳይሆንባት ትርንጎ ቢላውን ትታ መከለያውን ፍለጋ ሄደች። የት አገኘችው መሰላችሁ? ከማሽኑ ጋር እንዳትሉኝ! ከጓሮ፣ በዘበኛው የከሰል ማንደጃ ላይ፣ በቆሎ ሲጠበስበት። ወንፊት የመሰለ የብረት መረብ ነው፤ ለበቆሎ ጥብስ እንደሱ የሚመች የለም። ከመጋቢት ጀምሮ እዚያው ነበር። ሁላችንም ከዚያ በቆሎ በልተናል፤ እኔም በልቻለሁ፣ ጥርሴ ይርገፍ። ይህ ብረት ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።

«መከለያ ሆይ» አለችው፤ «አንተ ስላልቆምክ ቢላው ወረደ፤ ቢላው ስለወረደ ጣቴ ሄደ፤ ጣቴ ስለሄደ መዝገብ ተከፈተ፤ መዝገቡ ‹ቆረጠች› አለ፤ ጸሐፊው ‹ባለቤት አምጪ› አሉ። ባለቤቱ አንተ ነህ፤ ና እንሂድ።»

መከለያው ጥላሸቱን እያራገፈ፣ «አልቆምም ያልኩ አስመሰልሽው እኮ!» አለ። «በመጋቢት መርዕድ ማሽኑን ግራሶ ሊቀባ አነሳኝ። አራት ብሎን ነበረኝ፤ ሁለቱ ጥርሳቸው አልቋል። ‹ነገ በአዲስ ብሎን አስርሃለሁ› ብሎ ግድግዳ አስደገፈኝ። ነገ የመጣው መርዕድ ሳይሆን ዘበኛው ነው። መርዕድ ስላላሰረኝ ነው። እሱን ጠይቂ።»

መርዕድ የፋብሪካው መካኒክ ነው። የትም ብትፈልጉት እግሩ ብቻ ነው የሚታየው፤ ሌላው አካሉ ከአንድ ማሽን ሥር ነው። ትርንጎ ለጫማው ተናገረች።

«መርዕድ፣ አንተ ስላላሰርከው መከለያው አልቆመም፤ መከለያው ስላልቆመ ቢላው ወረደ፤ ቢላው ስለወረደ ጣቴ ሄደ፤ ጣቴ ስለሄደ መዝገብ ተከፈተ፤ መዝገቡ ‹ቆረጠች› አለ፤ ጸሐፊው ‹ባለቤት አምጪ› አሉ። ባለቤቱ አንተ ነህ፤ ና እንሂድ።»

እግሩ ወደ ውስጥ ተሰበሰበ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወጣ፤ ፊቱ ዘይት በዘይት ነው፤ የታሰረ እጇን ላለማየት መፍቻውን ያገላብጣል።

«እትዬ ትርንጎ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል አልዋጥ ብሎኛል። ግን ምን ላድርግ? ጥርሱ ያለቀ ብሎን አይዝም። በሽቦ ባስረው አንድ ቀን ተበጥሶ ከቢላው ጋር ይወርዳል። አዲስ ብሎን ከእትዬ አጸደ ጠየቅኩ፤ አልሰጡኝም። ስድስት ጊዜ ሄጃለሁ።»

«ሰባተኛስ?»

«ሰባተኛ አልሄድኩም» አለና አንገቱን ደፋ። «ሰለቸኝ። ግን እሳቸው ስላልሰጡኝ ነው፤ እሳቸውን ጠይቂያቸው።»

እትዬ አጸደ የእቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ናቸው። የቁልፉ ጥቅል ከወገባቸው አይወርድም፤ መምጣታቸውን የምናውቀው በቁልፉ ድምፅ ነው። ትርንጎ ገና ስትገባ፣ «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፣ ስለ ብሎኑ ነው» አሉ።

«እትዬ፣ ይጠብቁኝ፤ አልጀመርኩም» አለች ትርንጎ። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ! ከመሃል አይጀመርም። «እርስዎ ብሎን ስላልሰጡ መርዕድ አላሰረም፤ መርዕድ ስላላሰረ መከለያው አልቆመም፤ መከለያው ስላልቆመ ቢላው ወረደ፤ ቢላው ስለወረደ ጣቴ ሄደ፤ ጣቴ ስለሄደ መዝገብ ተከፈተ፤ መዝገቡ ‹ቆረጠች› አለ፤ ጸሐፊው ‹ባለቤት አምጪ› አሉ። ባለቤቱ እርስዎ ነዎት፤ ይነሱ እንሂድ።»

እትዬ አጸደ ከመደርደሪያ አንድ ቆርቆሮ አወረዱና ከፈቱት። ብሎን፣ አፉ ድረስ ሙሉ። ያብረቀርቃል። ትርንጎ በግራ እጇ አንዱን አነሳች። ክብደት እንኳ የለውም።

«አለ ማለት ነው?» አለች።

«አለ።»

«ከመጋቢት ጀምሮ አለ?»

«ከዚያም በፊት አለ። ልጄ፣ ያለ ፎርማን ፊርማ ከዚህ ቤት መርፌ አትወጣም። አንድ ጊዜ አዝኜ ያለ ፊርማ ሰጠሁ፤ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። ከዚያ ወዲህ ማዘን ተውኩ።» ይህን ሲሉ ቆርቆሮውን መልሰው ከደኑት። «የብሎኑን መጠየቂያ ሞልቼ ለጋሽ ደምሰው ልኬያለሁ። እሳቸው ስላልፈረሙ ነው። እሳቸውን ጠይቂ።»

ጋሽ ደምሰው ፎርማናችን ናቸው። አዳራሹ መሃል ቆመው ከማሽኖቹ ድምፅ በላይ «ቶሎ! ቶሎ በሉ!» የሚሉ ሰው ናቸው፤ በሕልማቸውም ቶሎ ይላሉ ይባላል። ትርንጎ ስትመጣ ሲያዩ «አሁን አይደለም፤ አሁን ጊዜ የለኝም» አሉ። ማሽኑ ይጮኻል። ትርንጎም ጮኸች። አቤት አጯጯኋ! እኔ ከስፌቴ ላይ ቀና አልኩ።

«ጋሽ ደምሰው! እርስዎ ስላልፈረሙ እትዬ አጸደ ብሎን አልሰጡም!»

የማጠፊያው ልጆች ማሽናቸውን አጠፉ።

«እትዬ አጸደ ስላልሰጡ መርዕድ አላሰረም! መርዕድ ስላላሰረ መከለያው አልቆመም!»

እኛ ስፌቶች አጠፋን።

«መከለያው ስላልቆመ ቢላው ወረደ፤ ቢላው ስለወረደ ጣቴ ሄደ…»

መቁረጫው ላይ ተራ ደርሶት የነበረው አዳሙም እግሩን ከፔዳሉ አነሳ። አዳራሹ ጭር አለ። ከዚያ በኋላ መጮህ አላስፈለጋትም።

«ጣቴ ስለሄደ መዝገብ ተከፈተ፤ መዝገቡ ‹ቆረጠች› አለ፤ ጸሐፊው ‹ባለቤት አምጪ› አሉ። ባለቤቱ እርስዎ ነዎት። ይምጡ እንሂድ።»

ጋሽ ደምሰው እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ። አንድ ወረቀት አወጡ፤ አራት ቦታ ታጥፎ፣ እጥፋቱ ሊበጠስ ደርሷል። የብሎኑ መጠየቂያ ነበር። ከሚያዝያ ጀምሮ ከዚያ ኪስ ሲወጣ ሲገባ ነበር።

«ልፈርም ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ስልኩ ይጮኻል» አሉ። «‹ስንት ደረሰ? ስንት ቀረ?› መከለያው ካለ ሥራው ይጓተታል። ለማሰርም ማሽኑ ግማሽ ቀን ይቆማል። የሚደውሉት አቶ ቢተው ደግሞ ‹እስከ መስከረም አንድ ሰዓት እንዳይቆም› ብለውኛል። ስሚኝ ትርንጎ፤ እኔ ብረት አይደለሁም። ያን ቀን አምቡላንሱ ውስጥ አጠገብሽ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ግን እሳቸው ስላጣደፉኝ ነው። እሳቸውን ጠይቂ።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። ጤፍ ከሆነ እሺ፣ ይለቀማል። ጋሽ ደምሰውን ያን ዕለት ረግሜያቸዋለሁ፤ ኋላ ግን ራሴን ታዘብኩ፤ በእሳቸው ቦታ ብሆን ስልኩን አላነሳም ነበር ወይ ብዬ።

እንግዲህ ጆሯችሁን ስጡኝ። አሁን ትርንጎ ወደ ላይ ወጣች፤ አቶ ቢተው ዘንድ። አቶ ቢተው ማን ናቸው? የፋብሪካው ባለቤት! እውነተኛ ባለቤት፣ በሰነድ የተረጋገጠ። ሰዋስውም ፋብሪካም በአንድ ቃል ተገናኙ። ትርንጎ «ተገላገልኩ» ብላ ይሆናል።

ቢሯቸው ገብታ ሳትቀመጥ፣ በአንድ ትንፋሽ አወረደችው።

«አቶ ቢተው፣ እርስዎ ስላጣደፉ ጋሽ ደምሰው አልፈረሙም፤ ጋሽ ደምሰው ስላልፈረሙ እትዬ አጸደ አልሰጡም፤ እትዬ አጸደ ስላልሰጡ መርዕድ አላሰረም፤ መርዕድ ስላላሰረ መከለያው አልቆመም፤ መከለያው ስላልቆመ ቢላው ወረደ፤ ቢላው ስለወረደ ጣቴ ሄደ፤ ጣቴ ስለሄደ መዝገብ ተከፈተ፤ መዝገቡ ‹ቆረጠች› አለ፤ ጸሐፊው ‹ባለቤት አምጪ› አሉ። ባለቤቱ እርስዎ ነዎት፤ ይነሱ እንሂድ።»

አቶ ቢተው እስክትጨርስ ሰሟት። ከዚያ፣ «እህቴ፣ ‹ቶሎ› ብያለሁ፤ አልክድም» አሉ። «‹መከለያ አንሱ› ግን አላልኩም። መነሳቱንም ገና ካንቺ መስማቴ ነው። እኔ የማውቀው መዝገቡ የሚነግረኝን ነው። በየወሩ ግልባጩ ይመጣልኛል፤ ይኸው።» ወረቀቶቹን ከመሳቢያ አውጥተው አነበቡላት። «ሚያዝያ፦ ዘነበች በመቁረጫው ላይ የጥፍሯን ጫፍ ቆረጠች። ሰኔ፦ አዳሙ በመቁረጫው ላይ የመዳፉን ቆዳ ቆረጠ። ነሐሴ፦ ትርንጎ ጣቷን ቆረጠች። ይህን ያነበበ ሰው ‹ሠራተኞቼ አይጠነቀቁም› ነው የሚለው። ‹ተጠንቀቁ› የሚል ወረቀት አስለጥፌያለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ‹ቆረጣት› ቢለኝ ‹ምን ቆረጣት?› ብዬ እጠይቅ ነበር። ጸሐፊው እንዲያ ብለው ስለጻፉ ነው። እሳቸውን ጠይቂ።»

አያችሁ ነገሩን? ዞሮ ዞሮ ከተነሳበት! ጸሐፊው ባለቤት ካልመጣ አላቃናም ይላሉ፤ ባለቤቱ ጸሐፊው ካላቃኑ አላውቅም ይላሉ፤ በመሃል ሦስት ሰው ተቆረጠ።

ትርንጎ ግን አልወጣችም።

«ከዚህ ቢሮ እስከ መቁረጫው አሥራ አራት ደረጃ ነው» አለች። «ስወጣ ቆጥሬዋለሁ። በሚያዝያ የዘነበችን ሲያነቡ አሥራ አራት ደረጃ መውረድ አቃተዎት? በሰኔስ የአዳሙን ሲያነቡ?»

እንዲህ ብሎ ለአቶ ቢተው የተናገረ ሰው በሃያ ሁለት ዓመቴ አላየሁም። ይህን ኋላ የነገረችኝ ራሷ ናት።

አቶ ቢተው ወረቀቶቹን አዩ፤ እጇን አዩ። «አልወረድኩም» አሉ። ከዚያ ተነሱ፤ ወረቀቶቹን ያዙና ከፊቷ ሳይሆን ከኋላዋ ሆነው ደረጃውን ወረዱ።

ሲወርዱ ያየ ሁሉ ተከተለ። ጋሽ ደምሰው ከነወረቀታቸው፣ እትዬ አጸደ ከነቁልፋቸው፣ መርዕድ ከነመፍቻው፣ እኛም ከኋላ። መዝገብ ቤቱ ጠባብ ናት፤ እኔ በመስኮት ነው ያየሁት። አቶ ልሳነወርቅ ያን ሁሉ ሰው ሲያዩ ተነስተው ቆሙ።

«አመጣሽ? ባለቤቱን?»

«አመጣሁ ጋሼ» አለች። ድካም በድካም ሆናለች። «እርስዎ ‹ቆረጠች› እያሉ ስለጻፉ አቶ ቢተው አልጠየቁም፤ አቶ ቢተው ስላልጠየቁ ማጣደፋቸውን አልተዉም፤ እሳቸው ስላጣደፉ ጋሽ ደምሰው አልፈረሙም፤ ጋሽ ደምሰው ስላልፈረሙ እትዬ አጸደ አልሰጡም፤ እትዬ አጸደ ስላልሰጡ መርዕድ አላሰረም፤ መርዕድ ስላላሰረ መከለያው አልቆመም፤ መከለያው ስላልቆመ ቢላው ወረደ፤ ቢላው ስለወረደ ጣቴ ሄደ፤ ጣቴ ስለሄደ መዝገብ ተከፈተ፤ መዝገቡም…»

እዚህ ላይ ትንፋሿ አለቀ።

«‹ቆረጠች› አለ» ብለው የጨረሱት አቶ ልሳነወርቅ ራሳቸው ናቸው።

ተቀመጡ። የዘነበችን ገጽ ገለጡ፣ የአዳሙን ገጽ ገለጡ፣ የትርንጎን ገጽ ገለጡ። ሁሉም በዚያ ባማረ እጅ ጽሑፋቸው ነው የተጻፈው፤ አንድ ነጥብ አልጎደለም።

«ሠላሳ አራት ዓመት ለልጆች ባለቤትና ተሳቢ አስተማርኩ» አሉ። «ባለቤት አምጪ ብዬ ይህችን ሴት ስሰዳት፣ ከባለቤቶቹ አንዱ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር።»

ብዕራቸውን አነሱ። የድሮውን ቃል በአንድ መስመር ሰረዙት። ትርንጎ ጠጋ አለች፤ «ቆረጣት» ይሉልኛል ብላ።

«‹ቆረጣት› አልጽፍም» አሉ።

ትርንጎ ደርቃ ቀረች። እኔ በመስኮት ልሳደብ ነበር!

«‹ቆረጣት› ለአንድ ነው፤ ያመጣሽልኝ ደግሞ አንድ አይደለም። ለብዙ ‹ቆረጧት› ነው የሚባለው።» ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ፤ ከዚያ መልሰው አነሱት። «እሱም ልክ አይደለም። ‹ቆረጧት› የሚል ሰው ከውጭ ቆሞ የሚያይ ሰው ነው። እኔ ከውጭ አልቆምኩም።»

«እግሬስ ጋሼ?» አለች ትርንጎ። «እግሬም ነበረበት። እሱም ይጻፍ፤ ውሸት ተጨምሮበት አልፈልገውም።»

አቶ ልሳነወርቅ ራሳቸውን ነቀነቁና ጻፉ። ከዚያ መዝገቡን ወደ አቶ ቢተው አዞሩት፤ አቶ ቢተውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ፦

«ትርንጎ በመቁረጫው ላይ ሳለች እግሯ ረገጠ፤ ጣቷን ግን…»

ከመጨረሻው ቃል ላይ ሲደርሱ ወደ ጸሐፊው ቀና አሉ። መልሰው ወደ ገጹ አጎነበሱ።

«ጣቷን ግን ቆረጥናት።»

ከሥሩ ስማቸውን ጻፉ፤ ልሳነወርቅ፣ ቢተው፣ ደምሰው፣ አጸደ፣ መርዕድ። መርዕድ ሲፈርም የእጁ ዘይት ገጹን አቆሸሸው፤ አቶ ልሳነወርቅ ምንም አላሉም። ከዚያማ ምን ልበላችሁ፣ ነገሩ ሁሉ ወደ ኋላ ተተረተረ።

ጸሐፊው «ቆረጥናት» ብለው ስለጻፉ አቶ ቢተው «ማሽኑ ይቁም» አሉ፤ አቶ ቢተው ስላቆሙ ጋሽ ደምሰው ፈረሙ፤ ጋሽ ደምሰው ስለፈረሙ እትዬ አጸደ ብሎን ሰጡ፤ እትዬ አጸደ ስለሰጡ መርዕድ አሰረ፤ መርዕድ ስላሰረ መከለያው ቆመ፤ መከለያው ስለቆመ ቢላው ወረቀት ብቻ አገኘ። ስንት ጊዜ ፈጀ? ግማሽ ቀን ተብሎ አልነበር? አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ያን ጊዜ ነው እኔ የተናደድኩት፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብዬ ወደ ስፌቴ ተመለስኩ።

ሰኞ ጠዋት ስንዱ መጣች። ትርንጎ በር ላይ ጠበቀቻትና ምንም ሳትናገር ወደ መዝገብ ቤት ወሰደቻት። አቶ ልሳነወርቅ ገጹን ከፈቱላት። ስንዱ አንዴ አነበበች፤ ደግማ አነበበች፤ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበበች።

«እታለም» አለች፤ «‹ስላልተጠነቀቅሽ ነው› ብዬሽ ነበር።»

«ብለሽኝ ነበር።»

ስንዱ የእህቷን የታሰረ እጅ በሁለት እጇ ይዛ ሳመችው፤ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ትርንጎ «በቃ፣ በቃ፤ ሥራ ይረፍድብሻል» እያለች ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። ከዚያ አብረው ወደ መቁረጫው ሄዱ። ስንዱ ተቀመጠች፤ ደብተሩን አስገባች፤ እጇን ወደ ቢላው ልትሰድ ብትሞክር መረቡ መለሳት። ረገጠች። ቢላው ወረደ። ትርንጎ ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ ስትገልጥ የእህቷ አሥር ጣት በቦታው ነው። ዛሬም ድረስ ያ ቢላ ሲወርድ ትርንጎ ባለችበት ትደነግጣለች። ያ አልዳነላትም።

እንግዲህ እኔ «ተረቴን መልሱ» አልላችሁም፤ የሄደ አይመለስም። አፌንም በዳቦ አታብሱልኝ፤ እፈልገዋለሁ። አንዱ መዝገብ ነገ «ወደቀ» ሲል ካየሁ፣ «ማን ጣለው?» ብዬ እጠይቅበታለሁ።